ጎማ አልሆንም ያሉት አለቃ

ሰረዝ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ልጅ ሳለች ቀጥ ብላ ያደገች ቀጫጫ ነገር ስለነበረች አባቷ በሙያቸው ቋንቋ «ሰረዝ» አሏት፤ ስሙም ጣት ላይ እንደፈሰሰ የማህተም ቀለም በምንም ሳሙና አልለቅ አለ። አሁን አርባዎቹን አጋምሳለች፤ ወገቧም ከየትኛውም ሰረዝ ጋር ዝምድና የለውም። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ «እታለም፣ አሁንስ ወደ አራት ነጥብ መዛወር አለብሽ» ቢላት የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ወርውራበት ጆሮውን ለጥቂት ስታዋለች።

አባቷን ሰፈሩ ጋሽ ማህተም ይላቸዋል። በፋርማሲና በፀጉር ቤት መካከል በተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰርግ ካርድ፣ የሀዘን መግለጫ፣ የትምህርት ቤት ሰርተፍኬትና የጎማ ማህተም የሚሠራ የኅትመት ቤት አላቸው። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሙጫና ጎማ በሚሸት ጠረጴዛቸው ላይ አጎንብሰው ማህተም ሲቀርጹ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል። በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «ማህተም እና ልጁ» ይላል። «ልጁ» የተባለው ወንድሟ ነው። ሰሌዳውን በኮምፒውተር ያዘጋጀችው፣ ፊደሉን የመረጠችው፣ ለሚሰቅለውም ሰውዬ መሰላል የያዘችው ሰረዝ ናት።

ወንድሟ ፕሮጀክት ይባላል። ፕሮጀክት ሳይኖረው የታየበት ቀን ስለሌለ ነው። አንዴ የሞባይል ሽፋን ሊያስመጣ፣ አንዴ ዶሮ ሊያረባ፣ አንዴ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ውሃ አሽጎ ሊሸጥ ተነሥቶ ያውቃል። ከሁሉም እውን የሆኑት ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ሞቱ። ወደ ኅትመት ቤቱ ብቅ የሚለው ምሳ ሲደርስ ወይም የሆነ ነገር ሲያስፈልገው ነው። ቢሆንም አባትየው ገና ከሩቅ ሲያዩት ፊታቸው ይፈካል፤ «የኔ ጌታ መጣ!» ይላሉ። ሰረዝ በየቀኑ ስለምትመጣ እሷን «መጣች» ብሎ ነገር የለም። ወንበር መጣ ይባላል እንዴ?

የነገሩ መነሻ አንድ ሙሽራ ነው።

ደንበኛው ሁሉ ጽሑፉን በፍላሽ ያመጣል፤ ፍላሹ ደግሞ በየደረሰበት የለቀመውን ቫይረስ ይዞ ይመጣል። የቤቱ ኮምፒውተር ያለዕድሜው ጃጅቶ ነበር። ፋይል ይደብቃል፣ ስም ያቀያይራል፣ ማንም ሳይነካው ይጮኻል። ሰረዝ አመሉን ስለምታውቅ አባብላ ታሠራው ነበር። አንድ ጠዋት ግን ወረቀት ልትገዛ ወጣ ስትል አባቷ «ይሄ ደግሞ ምን ይከብዳል?» ብለው ተቀመጡና አተሙ። የወጣው ግሩም የሰርግ ካርድ ነው፦ ወርቃማ ጠርዝ፣ ጥንድ ቀለበት፣ መሐል ላይ የሙሽራው ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር ደግሞ «ለረጅም ጊዜ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ያረፉት» የሚል ጽሑፍ። ጋሽ ማህተም የወረቀቱን ጥራት በጣታቸው አሽተው፣ ተደስተው፣ አሽገው ሰጡ።

በማግስቱ ሟቹ በእግሩ መጣ። አጎቱን አስከትሏል፤ አጎትየው በሩ ላይ ሲቆም ቤቱ ጨለመ።

«እናቴ ካርዱን አንብባ ራሷን ስታ ወደቀች» አለ ሙሽራው።

«አሁንስ ተነሥታለች?» አሉ ጋሽ ማህተም።

«ተነሥታለች።»

«እሰይ። ታዲያ አሁን ምን ቸግሮህ ነው?»

አጎትየው እጅጌውን መሰብሰብ ሲጀምር ሰረዝ መሐል ገባች። ለመነች፣ ማለች፣ ካርዱን እዚያው በነፃ አተመች፣ ለእናትየውም ይቅርታ በአበባ አጅባ ላከች። ሰዎቹ ሲወጡ አባቷ «ጥፋቱ የማሽኑ ነው» ብለው ደመደሙ። ለወትሮው በሁሉም ነገር ላይ ይህንኑ ቢሉም በዚህኛው ላይ ግማሽ እውነት ነበራቸው።

የአክስቷ ልጅ ባንክ ቤት፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ይሠራል፤ ቤተሰቡ ኢንጂነሩ ይለዋል። ሰረዝ የሙሽራውን ነገር ስትነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ሳቁ ሲወጣለት ግን ቁም ነገር ተናገረ።

«ያንን ጉድ ጠራርገን እናጥፋውና ዩኒክስ ከሚባለው ወገን የሆነ ሌላ የኮምፒውተር ሲስተም እንጫንበት። ነፃ ነው። እነዚህ የፍላሽ ቫይረሶች እዚያ ላይ አቅም የላቸውም። አሮጌ ማሽን ላይ ደግሞ ይሮጣል።»

«ጉድለቱስ?»

«ጉድለቱ... ጨዋታ አያውቅም። ያዘዝሽውን ብቻ ነው የሚሠራው።»

«ያዘዝኩትን የሚሠራ ነገር እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም» አለች ሰረዝ። «አምጣው።»

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ሌላ ዲስክ ላይ አሸሸ፣ ፍላሹን ሰካ፣ አሮጌውን ሲስተም ያለ ርኅራኄ አጠፋው። አዲሱ እየተጫነ ሳለ ማሽኑ ስሙን ጠየቀ።

«ስም አውጪለት» አላት ኢንጂነሩ።

ሰረዝ ስንት ዓመት ሲጮኽባት የኖረውን ማሽን አየችው። አሁን ትንፍሽ አይልም። «ጭምት በለው» አለች።

ጭነቱ አለቀ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ተነሣ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው፤ ጥጉ ላይ ብቻ አንዲት ነጭ ነገር ብልጭ ድርግም ትላለች። ልክ በዚህ ጊዜ የኢንጂነሩ ስልክ ጮኸ። ሚስቱን ምጥ ይዟታል። ሰውየው አመድ መሰለ።

«ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው» አለ ጃኬቱን ገልብጦ እየለበሰ። «ዋናው ተጠቃሚ ሆነሽ ግቢ፣ ደብዳቤውን አንብቢ፣ የሚልሽን አድርጊ።»

«የምን ደብዳቤ?»

ሰውየው የለም። ጃኬቱ የተገለበጠ መሆኑን ልትነግረው በሩ ድረስ ሮጣ ነበር፤ ታክሲው ጥግ ታጥፏል።

ሰረዝ ተመልሳ ወንበሯን ሳበች። ኢንጂነሩ ትቶላት በሄደው ጊዜያዊ ፓስወርድ ዋናው ተጠቃሚ ሆና ገባች። እውነትም ማሽኑ ደብዳቤ እንዳለው ነገራት። ገና ከመወለዱ ደብዳቤ! እሷ በስሟ የተጻፈ ደብዳቤ የደረሳት መቼ እንደነበር ትዝ አይላትም። ከሲስተሙ ሠሪዎች የመጣ ነው፤ እንኳን ደስ አለህ ብሎ፣ መጀመሪያ ምን ምን መደረግ እንዳለበት የሚዘረዝር የመመሪያ ገጽ ይጠቁማል። የሰረዝ እንግሊዝኛ የሰርተፍኬት እንግሊዝኛ ነው፤ «ትምህርቱን በጥሩ ሁኔታ ስላጠናቀቀ» ከሚለው ብዙም አያልፍም። ስልኳ ላይ ግን መዝገበ ቃላት አለ፤ ግትርነትን ደግሞ ከአባቷ ወርሳለች። እስካሁን ከእሳቸው የወረሰችው እሱን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ፓስወርድ መቀየር ነበር። ጻፈች፤ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ደግማ ጻፈች፤ ምንም። ኪቦርዱን ገልብጣ አራገፈችው፣ ነፋችበት፣ በመጨረሻ ደወለች።

«አይታይም እኮ» አለ ኢንጂነሩ ከሆስፒታሉ ኮሪደር። «ሰው እንዳያይብሽ ብሎ ነው። ዝም ብለሽ ጻፊ።»

«ወለደች?»

«ገና ነው። እኔ ነኝ የምሞተው።»

«አይዞህ፣ ቁጭ በል። ምን ዓይነት ፓስወርድ ላድርግ?»

«ረጅም ዓረፍተ ነገር። የሚያውቅሽ ሰው ሁሉ ከእሷ አፍ አይወጣም የሚለው ዓይነት።»

ስልኩን ዘግታ ማሰብ ጀመረች። ከመጋረጃው ጀርባ አባቷ ጮኹ፤ «ሰረዝ! ሙጫው የት ሄደ?»

«ፊት ለፊትህ ነው አባዬ!»

«የለም እኮ!»

«በስተቀኝህ!»

የሙጫው ክዳን ሲከፈት ተሰማ። «ማነው እዚህ ያስቀመጠው?» አሉ አባቷ እየተቆጡ።

የሰረዝ ጣቶች በራሳቸው ጊዜ ተንቀሳቀሱ። በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት፣ ለአባቷ ፊት ለፊት ተናግራው የማታውቀውን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች። ማሽኑ እንድትደግመው ጠየቃት። ደገመችው፤ እንደውም በሁለተኛው ላይ ጣቷ ጠንከር አለ። ማሽኑ ምንም ሳይመልስ ሌላ ትእዛዝ መጠበቅ ጀመረ። እስኪገባት ድረስ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት፦ ይህ ሲስተም ሁሉ ነገር ሲሰምር አያመሰግንም፤ አፉን የሚከፍተው ስትሳሳት ብቻ ነው።

«እዚህ ቤት ነው እንዴ ያደግከው?» አለችው።

ቀጥሎ የማሽኑን ሰዓትና ቀን አየች። ጭምት የሚኖረው አባቷና እናቷ ገና ባልተዋወቁበት ዘመን ነው፤ የውስጥ ባትሪው ሞቶ ኖሯል። እጇ ኪቦርዱ ላይ ቆመ። እናቷን፣ ነፍሷን ይማርና፣ እዚያ ዘመን ላይ አግኝታ አንድ ምክር ብትለግሳት ብላ ተመኘች። ግን እንደዚያ ከሆነ እሷም አትወለድም፤ የሰፈሩም ሰርተፍኬት አይታተምም። አስተካከለችው።

ሥራው በአንድ ቀን አላለቀም፤ የኢንጂነሩ ሚስት በሰላም ብትገላገልም እሱ ከአራስ ቤት አልወጣም። ጠዋት ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይበዛ፣ ከመመሪያው አንድ አንድ ገጽ እያነበበች ቀጠለች። ኔትወርኩ ሠራ። አዳዲስ ማስተካከያዎቹን አወረደች፤ ሲወርዱ ፊደሉ በስክሪኑ ላይ እንደ ዝናብ ሲፈስ አንድ ደንበኛ «ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ፕሪንተሩ አኮረፈ፤ ሁለት ጊዜ ተሳስታ፣ አንድ ጊዜ ሰድባው፣ ታረቁ። በማውዝ የሚያሠራው ባለ ሥዕል ገጽታ ሲጫን ጥቁሩ ስክሪን ቤት መሰለ። በአማርኛ የተጻፈ የሰርግ ካርድ ስትከፍት ግን ፊደሉ በሙሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ መጣ። አባቷ በትከሻዋ ላይ አሻግረው አዩና «ይሄ ሰርግ ነው ወይስ የሕንጻ ፕላን?» አሉ። የፊደሉን ዓይነት ፈልጋ ጫነች፤ ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ፊደል ሆኑ። ያኔ ብቻዋን አጨበጨበች።

ነገር የመጣው ተጠቃሚዎችን መመዝገብ ስትጀምር ነው። አባቷ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«የዚህ ማሽን አለቃ ማነው?»

«ዋናው ተጠቃሚ ይባላል። ሁሉን ማድረግ ይችላል፤ ሁሉን ማጥፋትም ይችላል።»

«እኔ ነኛ።»

«በእሱ ስም ሁልጊዜ መሥራት አይመከርም አባዬ። እያንዳንዳችን የራሳችን ስም ይኖረናል። ሲያስፈልግ የዋናውን ሥልጣን ወስደው የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ አንድ ቡድን ውስጥ ይገባሉ። እኔ ገብቻለሁ፤ አንተንም ላስገባህ?»

ይህን ስትል ከልቧ ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት አባቷን ስታስቀድም የኖረች ሴት፣ በዚያች ቅጽበት ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

«ቡድኑ ማን ይባላል?» አሉ።

የእንግሊዝኛውን ስም ስልኳ ላይ ባለው መዝገበ ቃላት ፈታችው። «ጎማ።»

«ምን?»

«ጎማ። የመኪና ጎማ።»

ጋሽ ማህተም ከወንበራቸው ተነሡ። «ዕድሜ ልኬን ጎማ ስቆርጥ ኖሬ በስተርጅና ራሴ ጎማ ልሁን? ማን ሊነዳኝ ነው?»

«ስሙ ነው እንጂ አባዬ፣ ሥልጣኑ ያለው እኮ እዚያ ውስጥ...»

«እኔ መሪ እንጂ ጎማ አይደለሁም! ጎማው አንቺ ሁኚ።»

ሰረዝ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። «እሺ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ በጣም ስለጣፈጣት ራሷም ደነገጠች።

ለአባቷ «አለቃ» የሚል ስም መዘገበችላቸው። ሲገቡ «እንኳን ደህና መጡ፣ አለቃ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ እንዲወጣ አደረገች። ጋሽ ማህተም ፀጉር አስተካካዩን ከነመቀሱ ጠርተው አሳዩት፤ የፋርማሲዋንም ሴት ከደንበኛ ፊት ጎትተው አመጡ። አለቃ መጻፍ፣ ማየትና ማተም ይችላል። ከዚህ ሌላ ምንም አይችልም፤ ሌላ ስለማያስፈልጋቸው አላወቁም። ለፕሮጀክትም እንዲሁ በስሙ ተመዘገበለት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሰላም ነበር። የደንበኛው ፍላሽ ሁሉ ይገባል፣ ቫይረሱ ተኝቶ ገብቶ ተኝቶ ይወጣል። ሟች በሟችነቱ፣ ሙሽራም በሙሽርነቱ ይታተማል። ሰረዝ ጠዋት በሩን ስትከፍት ታንጎራጉር ጀመር። በዚህ ቤት ውስጥ ያለ እሷ ፈቃድ ንቅንቅ የማይል ነገር ኖሮ አያውቅም ነበር፤ አሁን አለ። ደስታዋ ትንሽ አሳፍሯት ነበር፤ እፍረቱ ግን ከምሳ ሰዓት አላለፈም።

አንድ ቀን ሰረዝ የታተሙ ሰርተፍኬቶች ትምህርት ቤት ልታደርስ ሄደች። ፕሮጀክት ይህንን አይቶ መጣ። አዲሱ ፕሮጀክቱ ቲሸርት ላይ ፎቶ ማተም ነው፤ ለዚህ የሚሆን ከጓደኛው የተገለበጠ ፕሮግራም በፍላሽ ይዟል። ሰካ፣ ሊጭነው ሞከረ፤ ጭምት እምቢ አለ። ጓደኛው በስልክ አንድ ትእዛዝ ነገረው፤ አሁንም እምቢ።

«አባዬ፣ አንተ አለቃ አይደለህ? በአንተ ስም እንሞክረው።»

«እንዴታ!» አሉ ጋሽ ማህተም።

አንገታቸውን አቃንተው ተቀመጡ። ፓስወርዳቸውን በሁለት ጣት ጻፉ። ፕሮጀክት ትእዛዙን ጻፈላቸው። ማሽኑ ትንሽ አሰብ አደረገና አንድ መስመር አወጣ። ፕሮጀክት አነበበው፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን ይላል የኔ ጌታ?»

«‹አለቃ ይህን እንዲያደርግ አልተፈቀደለትም› ይላል።»

«ማን? እኔ?»

«ቆይ፣ ሌላም አለ። ‹ይህ ድርጊት ሪፖርት ይደረጋል።›»

ጋሽ ማህተም ወንበራቸውን ከማሽኑ ራቅ አደረጉ።

«ለማን ነው ሪፖርት የሚደረገው?» አሉ አባትየው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አይልም።»

ፕሮጀክት ቀጠሮ እንዳለው ድንገት ትዝ አለው። ፍላሹን ነቅሎ፣ ምሳውን እንኳ ሳይበላ፣ እግሬ አውጪኝ አለ። ጋሽ ማህተም ብቻቸውን ከማሽኑ ጋር ቀሩ። ማህተም ቀርጾ የሚኖር ሰው «ሪፖርት» የሚል ቃል ሲሰማ ወደ በሩ የሚያየው በከንቱ አይደለም። ገቢዎች ይሆን? ማዘጋጃ ቤት? ወይስ ከዚያም በላይ?

በማግስቱ ከረባት አሥረው መጡ። በሩን ራሳቸው ጠረጉ። ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ባለፈ ቁጥር ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። ከቀትር በኋላ አንድ ባለቦርሳ ሰው እውነትም ገባ። ጋሽ ማህተም ሰውየው አፉን ሳይከፍት «ጌታዬ፣ ያደረገው ልጄ ነው!» አሉት።

«እኔ መታወቂያ ኮፒ ላስደርግ ነው የመጣሁት» አለ ሰውየው።

ሰረዝ ይህንን ሁሉ ታያለች። ሪፖርቱ የደረሳት የዚያኑ ቀን ነበር። ከትምህርት ቤት ተመልሳ ስትቀመጥ፣ ለዋናው ተጠቃሚ የሚመጣው ሁሉ ወደ እሷ ስለሚሄድ፣ ጭምት ሁሉንም ነገራት፦ ፕሮጀክት ሞከረ፣ ተከለከለ፤ አለቃ ሞከረ፣ ተከለከለ። እንባዋ እስኪወርድ ከሳቀች በኋላ ትንፍሽ ሳትል ቀረች። ዕድሜዋን ሙሉ እሷ ናት አባቷ ምን ይሉ ይሆን እያለች ስትጨነቅ የኖረችው፤ ትንሽ ቢጨነቁ ምን አለበት? ግን አባቷ በሦስተኛው ቀን ምሳቸውን ሳይነኩት ሲመልሱ አንጀቷን በሉት። ልትነግራቸው ስትነሣ ቀድመዋት መጡ።

«ሰረዝ።»

«አቤት።»

«ይሄ ማሽን ሰው ላይ ሪፖርት ያደርጋል እንዴ?»

«ያደርጋል።»

«ለማን?»

ቀና ብላ አየቻቸው። «ለእኔ።»

ጋሽ ማህተም ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። «ለአንቺ?»

«ደርሶኛል።»

«እና እኔ ከረባት አሥሬ በር ስጠርግ ዝም ብለሽ ታይኛለሽ?»

«ያምርብሃል እኮ።»

መጀመሪያ እፎይታው መጣ፤ ቁጣው ተከተለ። «እኔ አለቃ አይደለሁም እንዴ?»

«ስምህ አለቃ ነው። ሥልጣኑ ያለው ጎማው ጋ ነው። ነግሬህ ነበር አባዬ።»

ትዝ አላቸው። ትዝ ማለቱ ነው ይበልጥ ያናደዳቸው። ተነሥተው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። «ቤቱ የኔ ነው! ያንን የዋናውን ፓስወርድ አሁኑኑ ንገሪኝ።»

«ብነግርህ አትወደውም።»

«ንገሪኝ አልኩሽ!»

ሰረዝ መጀመሪያ ኪቦርዱን አየች። ከዚያ ዓይናቸውን እያየች ቃል በቃል፣ ሳትጮህም ሳትንሾካሾክም ተናገረችው።

«‹አንተ ግትር ሽማግሌ፣ እኔ ባልኖር ይሄ ቤት በሳምንቱ ይዘጋ ነበር።›»

ጋሽ ማህተም መልስ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ የተሰደቡ መስሏቸው ነበር። ቀስ ብሎ ነው ፓስወርዱ ራሱ ይህ መሆኑ የገባቸው። ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ስታነሣ ይህንን ስትጽፍ፣ እሳቸው ከመጋረጃው ጀርባ ሙጫ እየፈለጉ ሲጮኹባት ነበር ማለት ነው። ሰረዝ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ትጠብቃለች።

«በላቲን ፊደል ነው የጻፍሽው?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ክፍተት አለው?»

«የለውም። የተያያዘ ነው።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «አንቺ ይህንን ትያለሽ ብሎ ማንም አይገምትም» አሉ። ወደ መጋረጃው አመሩ፤ ጨርቁን እንደያዙ ዞር አሉ። «ቀይሪው።»

«ምን?»

«ፓስወርዱን ነዋ። እኔ አወቅሁት እኮ። ሰው ያወቀው ፓስወርድ ምን ይረባል? ቀይሪውና ለማንም አትንገሪ። ለእኔም ቢሆን።»

መጋረጃው ወረደ።

ይቅርታ የሚባል ነገር አልተባለም፤ የጠበቀም የለም። ግን ሰንበት ብሎ ፕሮጀክት ድፍረቱን ሰብስቦ ሲመጣና ለቲሸርቱ ሥራ ከክፍሉ በመስኮቱ በኩል ያለችውን ጥግ ሲጠይቅ፣ ጋሽ ማህተም ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «ሰረዝን ጠይቃት» አሉት። ፕሮጀክት የሚቀልዱ መስሎት ሳቀ። ብቻውን መሳቁን ሲያይ ወደ እህቱ ዞረ።

«እታለም...»

«አይሆንም» አለች ሰረዝ፤ እንዲህ ማለት ምን ምን እንደሚል ለመቅመስ ያህል። ከቀመሰች በኋላ ጥጉን ሰጠችው፤ ጠዋት እየመጣ በሩን እንዲከፍት ተስማሙ። እያረፈደም ቢሆን ይመጣል። ለእግር ኳስ ቡድኖች ቲሸርት መሸጥ ደግሞ፣ ማንም ባላሰበው ሁኔታ፣ ይችልበታል።

የትምህርት ቤቶቹ ጥድፊያ ሲያልፍ ሰረዝ ከፋርማሲዋ ሴት ጋር ሐይቅ ዳር ልታርፍ እንደምትሄድ ተናገረች። ዕረፍት ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ማን ሊሠራ?» አሉ አባቷ።

«አንተና ፕሮጀክት።»

«ብናበላሸውስ?»

«ማሽኑን እንኳ ልታበላሹት አትችሉም» አለችና ሻንጣዋን አንሥታ ወጣች።

ሁለቱም ሴቶች ዋና አይችሉም። ባርኔጣ አድርገው ውሃው ወገባቸውን በሚነካበት ቦታ ላይ ተቀምጠው ሰው ሲያሙ ሰነበቱ። ሰረዝ ስልኳን ሻንጣዋ ውስጥ ረስታ፣ እስክትጠግብ ተኝታ፣ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጦ ተመለሰች። ኅትመት ቤቱ አልተዘጋም። ጭምት እንደተወችው ነው። የኮፒ ማሽኑ ግን ሆዱ ተከፍቶ በሩ ሥር ተጋድሟል፤ ጋሽ ማህተም ጎኑ ላይ መፍቻ ይዘው ቆመዋል፣ ፕሮጀክት ደግሞ ከኋላቸው መብራት ያበራላቸዋል።

«ወረቀት ይነክስ ነበር» አሉ አባቷ። «ከፍቼ ሠራሁት። ግን ይሄ ተረፈ።» መዳፋቸውን ሲዘረጉ አንድ እፍኝ ብሎን ታየ።

ሰረዝ ሻንጣዋን አስቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። እጇን እስከ ክርኗ ወደ ማሽኑ ሆድ ሰደደች፤ ትንሽ ታግላ ስታወጣው የወንድሟን ማበጠሪያ ይዛ ነበር።